ከሕንፃው በፊት የዓመት ወጪው ይጽደቅ፦ ለወረዳና ለከተማ ምክር ቤቶች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳ፣ ለክፍለ ከተማና ለከተማ ምክር ቤቶች አባላት
ለከንቲባዎችና ለወረዳ ዋና አስተዳዳሪዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ አዲስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መገንባት ከመጀመሩ በፊት መደበኛ በጀቱ፣ የሥራ መደቡና የመጽሐፍ ግዥው እንዲጸድቅ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላትና የሥራ ኃላፊዎች፣

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንገንባ ሲባል ከእናንተ መካከል የሚቃወም የለም። የምንጽፍላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተቃዋሚ የሌለው ፕሮጀክት ሳይመረመር ያልፋል። ውል ሲፈረም፣ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ፣ ሪባን ሲቆረጥ ሁሉም ይገኛል። በሁለተኛው ዓመት የመጽሐፍ ግዥ የሚለው መስመር ባዶ ሆኖ ሲቀርብ ግን እጁን አውጥቶ «ለምን?» የሚል አባል ብዙ አይታይም።

እኛ በቤተ መጻሕፍት ሙያ የሠለጠንንና በሥራው ላይ ያለን ሰዎች ነን። ጥያቄያችን አንድ ነው። ለአዲስ ቤተ መጻሕፍት የካፒታል በጀት ስትፈቅዱ፣ ሕንፃው በየዓመቱ የሚበላውን መደበኛ በጀት ከነሥራ መደቡና ከነመጽሐፍ ግዥው በዚያው ስብሰባ አጽድቁ። ይህን ማጽደቅ ካልተቻለ ሕንፃው ይቆይ። እንዲህ ያለ ቃል ከቤተ መጻሕፍት ሰው አፍ መውጣቱ ሊያስገርም ይችላል፤ ግን ተዘግቶ የሚውል ቤተ መጻሕፍት ለሚቀጥለው ጥያቄያችን «ያኛውንስ መቼ ተጠቀማችሁበት?» የሚል መልስ ያተርፍልናል።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚሆን አይጠፋንም። ሕንፃ በፎቶ ይታያል፤ በሪፖርት ላይም «መቶ በመቶ ተጠናቀቀ» ተብሎ ይጻፋል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ግንባታ ቶሎ የማዋያ መንገድ ነው። መደበኛ በጀት ሌላ ጣጣ አለው። የወረዳው ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ የሚሄድ በመሆኑ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለመቅጠር ከመምህርና ከጤና ባለሙያ ጋር መሻማት ግድ ነው። የተሾመው ኃላፊም ብዙ ሳይቆይ ይዛወራል፤ ሪባኑን የሚቆርጠው አንዱ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠየቀው ሌላው ነው። በዚህ ላይ ባለቤቱ ያልለየ ነው። ባህልና ቱሪዝም የትምህርት ነው ይላል፣ ትምህርት የወጣቶችና ስፖርት ነው ይላል፣ ወጣቶችና ስፖርት ደግሞ አዳራሹን ለስብሰባ ይፈልገዋል።

አዲስ አበባ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ሲከፈት የብዙ ባለሥልጣን አመለካከት ተለወጠ፤ ይህን መካድ አይገባም። ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት የተነገረለት ሕንፃ አራት ኪሎ ላይ መቆሙ፣ ንባብ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ያሳየ ነው። መጻሕፍት እንዲለገሱ ጥሪ ሲቀርብም ሕዝቡ በብዛት ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን በየከተማው የሚሰማው «እኛም እንደ አብርሆት» የሚል ምኞት አሳሳቢ ነው። አንድ ወረዳ ሊኮርጅ የሚችለው መስታወቱን እንጂ ከጀርባው ያለውን የሠራተኛና የጥገና አቅም አይደለም።

ሀብታም ከተማም በዚህ ይሰናከላል። የእንግሊዟ በርሚንግሃም በ2013 እ.ኤ.አ. 188 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አውጥታ በአውሮፓ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስመረቀች። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ2015 እ.ኤ.አ.፣ የሳምንቱ አገልግሎት ከ73 ሰዓት ወደ 40 ሰዓት ወረደ፤ ከሠራተኞቹም ግማሽ ያህሉን የሚነካ ቅነሳ ታቀደ። የሕንፃው ብድር ይከፈላል፣ ማሞቂያው ይሠራል፣ በሩ ግን ይዘጋል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ቤተ መጻሕፍት እንደ መፍትሔ መጠቀሱ አይቀርም። ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍት ይህን ብቻውን ይለውጣል ብለን አንዋሽም። ቤት ውስጥ ጠረጴዛም መብራትም ለሌለው ተማሪ ግን ምሽት ላይ ክፍት የሆነ አዳራሽ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ወደ ሌላ ከመሄዳችን በፊት ቁልፉ ጉዳይ ይኸው የመክፈቻ ሰዓት ነው።

አብዛኛው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት በቢሮ ሰዓት ይሠራል፦ ጠዋት 2:30 ይከፈታል፣ ለምሳ ይዘጋል፣ 11:30 ላይ ያበቃል፣ እሑድ ዝግ ነው። ተማሪው ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ቤት ደርሶ፣ ምሳውን ቀምሶ ሲመጣ ሠራተኛው ቦርሳውን እያነሣ ነው። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰውማ ከነጭራሹ አይደርስበትም። የምንመክረው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:00 እስከ ምሽቱ 2:00፣ እሑድ ከቀኑ 6:00 እስከ ምሽቱ 12:00 ነው። በሳምንት 78 ሰዓት ማለት ነው። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት አይበልጥም፤ ስለዚህ 78ቱ ሰዓት በትክክል ሁለት ፈረቃ ነው። በአንድ ፈረቃ አንዱ ውሰትና ምዝገባ ላይ፣ አንዱ አዳራሹ ውስጥ መሆን አለባቸው። አራት ሠራተኛ ሆነ። የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታሰብ አምስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውጭ ጥበቃና ጽዳት አለ። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የተማሩ ይሁኑ።

«ሁለት ሰው መድበን እንጀምር» ስትባሉ በዚህ ስሌት መልሱን ታገኙታላችሁ፦ ሁለት ሰው የቢሮ ሰዓት ብቻ ይሸፍናል፣ አንዱ ሲታመም ደግሞ በሩ ላይ ቁልፍ ይንጠለጠላል። መደቦቹ በመዋቅሩ ውስጥ ገብተው ደረጃቸው በሲቪል ሰርቪስ በኩል መጽደቅ አለበት። በጊዜያዊነት ከሌላ ቢሮ የሚዋስ ሠራተኛ ወደ ቦታው መመለሱ አይቀርም። የተጣላውን ወይም ጡረታ የቀረበውን ሠራተኛ «ቤተ መጻሕፍት ይሁን» ብሎ መመደብም ይብቃ፤ ይህ ልማድ በሙያውም ላይ በአንባቢውም ላይ የተፈጸመ በደል ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደማይነገርለት ጉዳይ እንግባ። መጽሐፍ በንብረት አያያዝ እንደ ቋሚ ዕቃ ይቆጠራል። ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ በሠራተኛው ስም ይመዘገባል። ቆጠራ ሲደረግ የጎደለውን የሚከፍለው፣ ካልከፈለም ክሊራንስ የሚከለከለው ያ ሠራተኛ ነው። እንግዲህ እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መደርደሪያውን ትቆልፉታላችሁ፤ ማዋስ ታቆማላችሁ፤ አንባቢው በወረቀት ጽፎ እንዲጠይቅ ታደርጋላችሁ። የሆነውም ይኸው ነው። ብዙው ቤተ መጻሕፍት ተማሪ የራሱን ደብተር ይዞ የሚያጠናበት አዳራሽ ሆኖ የቀረው አንባቢ መጽሐፍ ስለማይወድ አይደለም፤ መጽሐፉ ከሰው እጅ እንዳይገባ የሚያስገድድ የሂሳብ አሠራር ስላለ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ መመሪያ ይበቃል። በመደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ ሆኖ ይቆጠር። በዓመት እስከ 3 በመቶ የሚሆን መጥፋትና መቀዳደድ ያለ ግለሰብ ተጠያቂነት በኮሚቴ ውሳኔ ይሰረዝ፤ 2,500 መጽሐፍ ላለው ቤት 75 መጽሐፍ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ምርመራ ይካሄድ። ለውሰት የቀበሌ መታወቂያ ወይም የትምህርት ቤት መታወቂያ ይብቃ፤ ለሕፃን ወላጁ ይፈርም። የገንዘብ መያዣ መጠየቅ ድሃውን ልጅ በር ላይ ማስቀረት ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የታደሰው የኢፍላ (የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) እና የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶም አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ በነፃ ይሁን ይላል፤ ኃላፊነቱንም በአካባቢና በአገር አስተዳደር ላይ ያደርጋል።

የመጽሐፍ ግዥም የራሱ ወጥመድ አለው። በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል ሲባል አሸናፊው በመጋዘን የተከማቸ፣ ያልተሸጠ መጽሐፍ ያለው ነጋዴ ይሆናል፤ አንድ ርዕስ ሃምሳ ቅጂ ይገባል፣ የሚፈለገው ልብ ወለድና የሕፃናት መጽሐፍ ግን የለም። ሰኔ ላይ ገንዘቡ እንዳይመለስ የሚደረግ ጥድፊያ ነገሩን ያብሰዋል። ስለዚህ የርዕስ ዝርዝሩን ባለሙያው ከአንባቢ ጥያቄ ተነሥቶ ያዘጋጅ፣ ከአንድ ርዕስ ከሦስት ቅጂ በላይ አይገዛ፣ ከመማሪያና ከማጣቀሻ በስተቀር። አቅራቢው የሚወዳደረው በተሰጠው ዝርዝር ላይ በሚያደርገው ቅናሽ ይሁን። ግዥው ሁለት ጊዜ፣ መስከረምና የካቲት፣ ይከፈል። ለመጀመር 2,500 መጽሐፍ ይበቃል፤ የኢፍላ መመሪያም ለትንሹ የአገልግሎት ጣቢያ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው ይህን ነው። በየዓመቱ ቢያንስ አሥር በመቶው፣ 250 መጽሐፍ፣ በአዲስ ይታደስ። ካልታደሰ በሦስተኛው ዓመት አንባቢው ሁሉንም አይቶ ጨርሶ ይሄዳል።

ልገሳን አንንቅም። ግን ከውጭ በኮንቴነር የሚመጣ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት ያስወገደው፣ በልጆቻችን ቋንቋ ያልተጻፈና ከሥርዓተ ትምህርታችን ጋር የማይገጥም ነው፤ ማስራገፊያና መለያው ደግሞ በእናንተ ወጪ ነው። «የማንፈልገውን አንቀበልም» የሚል የአንድ ገጽ የልገሳ መመሪያ ይጽደቅ፤ ለጋሹም ገንዘብ ቢሰጥ ወይም ከዝርዝራችን ቢገዛ ይመረጣል። የአካባቢው ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ፣ አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛም ሆነ ሲዳምኛ፣ ከዝርዝሩ ግንባር ቀደም ይሁን።

ስለ ሕንፃው ያለን ሐሳብ ከላይ ካልነው ይልቅ መሐንዲሶችን የሚመለከት ነው፤ ግን የምታጸድቁት እናንተ ስለሆናችሁ አንዳንድ ቁጥር ብታውቁ ጥሩ ነው። ለ60 አንባቢ መቀመጫ በሰው 2.5 ካሬ ሜትር ቢታሰብ 150 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሜትር መደርደሪያ ሲሞላ 30 መጽሐፍ ያህል ይይዛል፤ ሲሶው ለዕድገት ባዶ ስለሚተው 20 በሉት። ግራና ቀኝ አምስት አምስት እርከን ያለው፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ 180 መጽሐፍ ይችላል፤ ለ2,500 መጽሐፍ 14 እንዲህ ያለ ያስፈልጋል። ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያልፍ መተላለፊያው 1.20 ሜትር ይሁን። የሕፃናት ጥግ፣ ቢሮ፣ ዕቃ ቤትና መጸዳጃ ሲደመር 250 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል። አራት ፎቅ የሚያስፈልግበት ወረዳ ጥቂት ነው።

የቆየ ቢሮ ይታደስ የሚል ሐሳብ ሲመጣ አንድ አደጋ አለ። የቢሮ ወለል የሚነደፈው በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ነው፤ መጽሐፍ የሚቀመጥበት ወለል በግንባታ ኮዱ መሠረት 7.5 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 750 ኪሎ ግራም ያህል መሸከም አለበት። መደርደሪያ በላይኛው ፎቅ ላይ ከመደርደራችሁ በፊት የመዋቅር መሐንዲስ ይየው። ምድር ቤት ከሆነ ይቀላል። የቺፕውድ መደርደሪያ ደግሞ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ በመጽሐፍ ክብደት ይጎብጣል፤ አንድ ሜትር መጽሐፍ 30 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። የብረት መደርደሪያ ይገዛ።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከነድምፅ መከላከያው ኮርኒስ ይሠራለት፤ ያለዚያ ተማሪው ዕረፍት ላይ በሚሆንበት ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ከአጠገብ ያለ ሰው ድምፅ እንኳ አይሰማም። መስኮት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይከፈት፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ቀጥታ ሲገባ መጽሐፉን ያደበዝዛል፣ አንባቢውንም ያባርራል። ሙሉ መስታወት ፋሽን ሆኗል፤ ለሆቴል ይሁን። በቆላ ምስጥ፣ በደጋ ሻጋታ አለ፤ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ እንዳያልፍ አየር በቅብብሎሽ የሚያልፍበት መስኮት በሁለቱም ግድግዳ ይኑር፣ መደርደሪያውም ከግድግዳ አምስት ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

የማንበቢያ ጠረጴዛ 500 ሉክስ ብርሃን ይፈልጋል። 150 ካሬ ሜትር ለማብራት በኤልኢዲ 1.2 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። መብራት ሲጠፋ ሦስት ሰዓት ለመቆየት 5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ከነኢንቨርተሩ ይበቃል። ከጄኔሬተር የሚሻለው ነዳጅ መግዣ መጠየቅ ስለሚቀር ነው፤ የነዳጅ በጀት በመጋቢት ያልቃል። መጸዳጃና ውኃ ትርፍ ነገር አይደሉም፤ በተለይ ሴት ልጆች እስከ ምሽት የሚቆዩት መጸዳጃው ከውስጥ የሚቆለፍና ውኃ ያለው ሲሆን፣ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድም ሲበራ ነው።

ቦታው ትልቁን ነገር ይወስናል። በአስተዳደሩ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ፍተሻና የመታወቂያ ጥያቄ አለው፤ የአሥር ዓመት ልጅ መታወቂያ የለውም። ከትምህርት ቤቶች በእግር ከ15 ደቂቃ አይራቅ፤ በሩም በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈት። የከተማው ጥሩ መሬት ለሊዝ ይፈለጋልና ቤተ መጻሕፍት ወደ ዳር ይገፋል። ለዚህ የኮሎምቢያዋን ሜደሊን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ከንቲባ የነበሩት ሰርሂዮ ፋሃርዶ ቤተ መጻሕፍትን በኮረብታ ላይ ባሉ ድሃ ሰፈሮች መካከል ማስገንባታቸው በዓለም ተወድሷል። ከእነዚያ አንዱ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኢስፓኛ ቤተ መጻሕፍት፣ አሥር ዓመት ሳይሞላው በግንባታ ጉድለት ተዘጋ። ቦታው ትክክል ነበር፤ ሥራው አልነበረም። ደግሞም ይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በቤተ መጻሕፍቱ ስም ይውጣ፤ ካርታ የሌለው አዳራሽ አንድ ቀን ቢሮ ይሆናል።

ሕንፃ ሁሉ አዲስ መሆን የለበትም። ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉት የቤተ መጻሕፍት ክፍሎች ወደ መንገድ የሚያወጣ በር ተከፍቶላቸው ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ለሕዝብ ቢከፈቱ ከአዲስ ግንባታ ባነሰ ወጪ ይሆናል። ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. በአዋሳ በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ማስጀመሩ ይታወሳል። የመጀመሪያው የካታሎግ (የመጻሕፍት መዝገብ) ሥራም ውድ አይደለም፤ ኮሃ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፣ ፊደላችንንም ይቀበላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የደራሲውን ስም እንደኛ ልማድ ከራሱ ስም ጀምሮ መመዝገብ ላይ ነው፤ የአባት ስም ቀድሞ ከተመዘገበ አንባቢው የሚፈልገውን አያገኝም። መጠባበቂያ ቅጂም በየሳምንቱ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ስለዚህ በመጪው የበጀት ውይይት ላይ ለሚቀርብላችሁ ዕቅድ እነዚህን ጠይቁ፦ ባለቤቱ የትኛው ቢሮ ነው? አምስቱ መደቦች በመዋቅሩ ገብተዋል? በሳምንት ስንት ሰዓት ይከፈታል? የመጽሐፍ ግዥው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመትስ ተይዟል? የንብረት መመሪያው ተስተካክሏል? ዓመታዊ ሪፖርቱም «ተመረቀ» በሚል ሳይሆን በተዋሱ መጻሕፍት ብዛት፣ በተከፈተባቸው ሰዓታትና በገቡ አንባቢዎች ይቅረብላችሁ። ለአንዱም መልስ ከሌለ ዕቅዱን መልሱት።

ግንባታው ለተጀመረባችሁ ወረዳዎች አንድ ተጨማሪ እንጠይቃለን። ጊዜያዊ ርክክብ በበጋ ስትፈጽሙ ጣሪያውን በውኃ ፈትኑ፤ ፍሳሹ ወደየት እንደሚሄድም እዩ። ለዋስትና የተያዘው ገንዘብ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ መጋዘኑና መደርደሪያው ያለበት ክፍል ደረቅ መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ይለቀቅ። ያ እስኪሆን መጽሐፉ አይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች